የወላጆች ቀን

ተመራማሪዋ ከችሎቱ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ስትል ረፈደ። ውኃ ትቀዳለች፣ አትጠጣውም። ስልኳን ታወጣለች፣ ሳታየው መልሳ ትከተዋለች። ጠበቃዋ «ኧረ በናትሽ አንድ ቦታ እረፊ፣ እኔንም አዞርሽኝ» ቢላት እግሯ አልሰማ አለ።

ክሱን የከፈተችው እሷው ናት። ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ሙቀት እንዲችል በስኳር የሚደርቅበትን መላ ያገኘችው እሷ፣ ፓተንቱም፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ፣ የእሷ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ትልቅ ድርጅት ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይሠራበታል። ሲከሰስ ደግሞ አልቀዳሁም ማለቱን ትቶ ፓተንቱ ላይ ዞረ። «የፓተንት ማመልከቻውን ከማስገባቷ በፊት ሕዝብ ፊት አስረድታዋለች። ሕዝብ የሰማው ነገር አዲስ ፈጠራ አይባልም፤ ይሰረዝ» አለ። እሷም የምን ሕዝብ ብላ ሳቀች። ምስክራቸው ማን እንደሆነ ስትሰማ ነው ሳቋ የጠፋው። የገዛ ወንድሟ!

ወንድሟ የሳይንስ መምህር ነው። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። አሁን በደረጃው ብቅ አለ፤ የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱ በርቶ።

«ሚጡ! አይዞሽ፣ ዛሬ አፋቸውን ነው የማስይዛቸው።»

«ጋሼ፣ ማን ና ብሎህ...»

«የእነሱ ጠበቃ ነዋ! ‹እህትህ ይህን ነገር መቼ እንዳገኘችው ታውቃለህ?› አለኝ። ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ! ገና ማመልከቻ ሳታስቢ፣ በወላጆች ቀን መጥተሽ ስኳሩን፣ ማድረቂያውን፣ ሁሉንም ሰሌዳው ላይ አላስረዳሽንም? ቀዳሚዋ አንቺ መሆንሽን ልነግራቸው ነው።»

ያ ቀን መጣባት። የክትባቱ ብልቃጥ ሙቀቱን ችሎ ባደረ ማግስት ደስታው ሊያፈነዳት ደርሶ፣ ለማን ልንገር ብላ እየበረረች የሄደችው እሱ ዘንድ ነበር። እሱ ደግሞ ይዟት አዳራሽ ገባ። እዚያ ከነበሩት የተማሪ ወላጆች አንዱ የድርጅቱ ሠራተኛ እንደነበር ማን ያውቃል?

ምስክር ማነጋገር ክልክል ነው። ግን «ቀኑን አላስታውስም በል» ብትለው ለምን ሳይል ይላታል። ተማሪ ሲዋሽ እንቅልፍ የሚያጣው ሰውዬ፣ ለእሷ ሲሆን ዓይኑን ሳያሽ ይዋሻል። የዓመታት ልፋቷ፣ የቤተ ሙከራው ሠራተኞች እንጀራ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። አፏን ከፈተች። እሱ ክራባቱን እያስተካከለ ጠበቃት።

«ምነው ሚጡ? ጥፋት አለው እንዴ?»

«የለውም» አለችው። «እንደነበረው ተናገር።»

ተናገረ። ሰሌዳው ላይ የሳለችውን ሳይቀር በጣቱ አየር ላይ እየሳለ፣ ከማመልከቻው በፊት መሆኑን እየማለ፣ ደግሞም በየመሃሉ ዞር እያለ እያያት። የድርጅቱ ጠበቃ አመስግኖት ተቀመጠ። የእሷ ጠበቃ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

ሲወጡ ወንድሟ እጇን ያዘ። ላብ አጥምቆታል።

«እንዴት ነበርኩ?»

ኮሌታውን አቃናችለት።

«አንድም አልሳትክ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» አለ፣ እየሳቀ።