የውሸት ዙር

በእውቀቱ ያን ዙር ባይዞር ኖሮ ሲፈን ዛሬ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም አፉን ለጉሞ ሰነበተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግላይደር የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ሞተር የለውም። በገመድ ተስቦ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ አብራሪው ፀሐይ ካሞቀው መሬት ሽቅብ የሚወጣ አየር ፈልጎ፣ እዚያው ላይ እየዞረ ከፍታ ይሰበስባል። አየር ደግሞ አይታይም። የሚታየው ሌላው አብራሪ ነው፤ አንዱ ከዞረ እዚያ አየር አለ ማለት ነው። በእውቀቱ ራሱ የበረራ ክበቡን ጀማሪዎች አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረው ይህንኑ ነበር። «የዞረን እመኑ» ይላቸዋል።

ውድድሩ ከአሰላ ኢተያ ደርሶ መልስ ነው፤ ኅዳር ላይ፣ ስንዴው በሚታጨድበት ሰሞን። ሁለት ቀን ሲመራ የቆየው በእውቀቱ በሦስተኛው ቀን ሲፈን ስትደርስበት ደሙ ፈላ። መሪ አያያዝ ያሳያት እሱ፣ ዕድሜዋ ገና ሃያ ሦስት! ይቺ ልጅ ልትቀድመኝ ነው? አለ በልቡ። እንግዲህ ሰይጣን ጆሮው ሥር ቁጭ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ምንም አየር በሌለበት ሁለት ጊዜ ዞረና መንገዱን ቀጠለ። እሱ ከፍታ ስለነበረው ብዙ አልጎዳውም። ዝቅ ብላ የምትበረው ሲፈን ግን የያዘችውን መስመር ትታ እሱ የዞረበት ቦታ ገባች።

ዞረች። አየር የለም። ደግማ ዞረች። የክበቡ ሕግ ግልጽ ነው፤ ከሦስት መቶ ሜትር በታች ከወረዱ ፍለጋው ያበቃል፣ የታጨደ ማሳ መርጦ ማረፍ ነው። ሕጉን አሳምራ ታውቀዋለች። ከዚያ በታች ወርዳም እዚያው ያቆያት መምህሯን ማመኗ ነው።

«ጋሼ፣ አየሩ በየት በኩል ነው?» ስትል በሬዲዮ ጠየቀችው።

«አየር የለም፣ ውሸቴን ነው» ማለት ነበረበት። አራት ቃል ናት፣ በቃ! ሬዲዮውን ግን ዳኛው ወልደጻድቅም ይሰማል፣ ተወዳዳሪው ሁሉ ይሰማል። ስንት ዓመት ጋሼ ሲባል የኖረ ሰው በአደባባይ አታላይ ሊባል ነው። የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነው፤ ለቀቀው። ዞር ብሎ ቁልቁል ሲያያት ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር ከሚያስነሳው አቧራ በላይ ብዙም አልቀራትም። ያኔ ነው «ሲፈን፣ ማሳ ያዢ!» ብሎ የጮኸው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ማለት ይሄ ነው። ልጅቷ ወደታጨደው ማሳ ልትዞር ስትል ከፍታውም ፍጥነቱም አልቆባት ነበር። አንዱ ክንፏ ከዳትና ከኮምባይነሩ አጠገብ ተከሰከሰች።

ውድድሩ እዚያው ተቋረጠ። በሁለቱ ቀን ነጥብ አሸናፊው በእውቀቱ ተባለ።

አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን እግሩን እየጎተተ ሆስፒታል ሄደ። የሲፈን እናት ዙቤዳ እጁን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እርስዎ ባይጮኹላት ኖሮ በሕይወትም አላገኛትም ነበር፣ አላህ ውለታዎን ይክፈልዎ ብላ መረቀችው። ምርቃቱ ከእርግማን ከፋበት። ሲፈን በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሐኪሞቹ እግሮችሽ ከእንግዲህ አይታዘዙሽም ብለዋታል። ለወልደጻድቅ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አየሩ ነበረ፣ ይዤ መቆየት አቃተኝ ብላ ቃሏን ሰጥታለች። አራት ቀን ሙሉ እዚያ አልጋ ላይ ያን አየር ስትፈልግ ነው የከረመችው።

«ጋሼ» አለችው፣ «የቱ ጋ እንደሳትኩት ልወቅ ብዬ ነው። እርስዎ በዚያ ዙር ስንት ሜትር ወጡ?»

በእውቀቱ እጁ አሁንም በዙቤዳ እጅ ውስጥ ነው። መዋሸት እንኳ ቢፈልግ ቁጥር አልመጣለትም።

«አንድም ሜትር አልወጣሁም» አለ። «አየር አልነበረም፣ ሲፈን። ወደኋላ እንድትቀሪልኝ ብዬ ነው የዞርኩት።»

ዙቤዳ እጁን ለቀቀች። ሲፈን ግን አልተቆጣችም። ያለው ነገር ገና ያልገባት ይመስል ግንባሯን ቋጥራ አየችው።

«ዞረው ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለች።