ተማሪዋ እንዳትወድቅ

በማስተማሪያ ሆስፒታል የአንድ ሰው ሕመም ለብዙ ሰው ይበቃል። አስታማሚዋ ሚስት እንዳየችው፣ ባሏ አልጋ ከያዘ ወዲህ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ እየመጣ “የት ጋ ነው የሚያምዎት?” ይለዋል። እሱም ጨዋታ ወዳድ ነውና አልሰለቸውም። አጠገቡ የተኛው ሹፌር፣ “አባባ፣ በቲኬት ያድርጉት እንጂ!” እያለ ይቀልድበታል።

ዛሬ ጠዋት የመጣችው ተማሪ የመጨረሻ ልጃቸውን ታክላለች። ትናንት ዋናው ሐኪም በሰው ፊት ስለገሠጻት ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ዛሬ ደግሞ በዚሁ በሽተኛ ልትፈተን ነው።

“ሕመሙ ወደ ግራ እጅዎ ይወርዳል?”

“የለም፣ እዚሁ ሆዴ ላይ ነው።”

የልጅቷ ፊት ጭልም ሲል ጊዜ የሰውየው አንጀት አልቻለም። “ቆይ እስቲ... አዎ፣ አንዳንዴ ይወርዳል።”

“ያልብዎታል?”

“ላብ በላብ ነዋ!”

“ሰገራዎስ መልኩ ተለውጧል?”

“ኧረ ደህና ነው ልጄ፣ እሱን ተዪው።”

ሚስት ክው አለች። ሰሞኑን ሰገራው እንደ ከሰል መጥቆሩን በጆሮዋ የነገራት ራሱ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አስምሏታል። ተማሪዋ እስክትርቅ ጠብቃ፣

“ምን ሆነህ ነው የምትዋሸው?” አለችው።

“ታዲያ ትውደቅ? የሰው ልጅ አይደለችም?”

“አንተስ የሰው ባል አይደለህም?”

“ደግሞ ለልጅ የሰገራ ወሬ ላውራላት? ወይ አንቺ!” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይሄ ሰው በይሉኝታ ሊሞት ነው አለች በልቧ።

ብዙም ሳይቆይ ዋናው ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። አልጋውን ከበቡት። ልጅቷ ሳትደናቀፍ አስረዳች።

“ጎበዝ!” አላት ሐኪሙ። “የልብ ማሽኑ አልለየልንም፤ አነጋገራቸው ግን የልብ ሕመም ነው። ደም የሚያቀጥነውን መርፌ እንጀምርላቸው።”

ነርሷ መርፌውን ልታዘጋጅ ዞረች። ሚስት ዓይኗ መርፌው ላይ ቀረ። ያ ጥቁር ነገር ደም ቢሆንስ? ባሏ ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን ጨመቀ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። “ጌታዬ፣ መሐላዬን ስላፈረስኩ አንተ ማረኝ” አለችና ወደ ሐኪሙ ዞረች።

“ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ሰገራው ጥቁር ነው። እጁንም አሞት አያውቅም።”

ሐኪሙ ነርሷን በእጁ አስቆማት። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሳምንት በላይ ይሆነዋል።”

የሐኪሙ ዓይን ወደ ተማሪዋ ሲዞር ሚስት ቀደመችው። “እሷን አይቆጧት! እሱ ነው፣ ልጅቷ እንዳትወድቅ ብሎ...”

ሹፌሩ እንኳ አልሳቀም። ሐኪሙ ሰውየውን ትክ ብሎ አየው።

“አባባ፣ በፈተና የወደቀ ይነሳል። ሆድዎ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ይህን መርፌ ወግተንዎት ቢሆን ግን ይቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን ባልተነሳች።”

ደም እንዲቀዳ፣ ሆዱም በካሜራ እንዲታይ አዝዞ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ልጅቷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ከመጀመሪያው እንጀምር” አለች፤ አዲስ ገጽ ገለጠች።

ሰውየው ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኑ ሳበ። “እሺ ልጄ፤ ግን ወደ እኔ አትዪ።”

ሚስት እጁን ያዘች። ቀዝቅዟል። ገልበጥ አድርጋ ብታየው መዳፉ ደም የሌለው ያህል ነጭ ሆኗል፤ እስካሁን እንዴት ሳታየው እንደቀረች እግዜር ይወቅ።

“ቶሎ ቶሎ ጠይቂው፣ የኔ ልጅ” አለች።