የዴልመር መነጽር

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፦ በሚያዝያ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዴልመር ቶስትሩድ አዲስ መነጽር አድርጎ ወደ ተኩስ ክለባችን ገባ።

ሞንታና ውስጥ ሰው መነጽር ሲገዛ ወሬ አይሆንም። ይሄ ግን ሆነ፤ ሁላችንም «ዓይኑ ነው» ብለን ፈርደን ነበርና። የአምስት ጥይቱን ቀዳዳ አንድ ሳንቲም የሚሸፍንለት ሰው፣ ከየካቲት ወዲህ ዒላማውን ወንፊት አድርጎታል።

«ይሄም ካልሠራ ጠመንጃዬን እሸጣለሁ» አለ።

«እርጅና ነው ዴል፤ አትታገለው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኑ ግን ደህና ነበር። ችግሩ ቀለሁ፣ የጥይቱ የናስ ቀፎ ነው።

ሁለታችንም ጥይት የምንሞላው እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው። የተኮስነውን ቀለህ ሰብስበን በሚሽከረከር ከበሮ እናጸዳለን፣ አንገቱን እናጠብባለን፣ የረዘመውን እንቆርጣለን፣ ባሩድና እርሳስ ሞልተን ዳግም እንተኩሰዋለን። የሁለት ሰው ቀለህ አንድ ከበሮ አይገባም፤ መቀመጫው ላይ የቀባነው ምልክት ይለቃላ። በጥር አንድ ማክሰኞ የእሱን ሁለቴ የተተኮሰና የእኔን ዘጠኝ ጊዜ የተተኮሰ አንድ ላይ ጨመርኩ። ይሄ ስህተት ነው። መለየቱ ግን ስህተት አልነበረም።

ብዙ የተተኮሰ ቀለህ ከውስጥ፣ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ይሳሳል፤ ጥይቱንም ይበትናል። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጫፉን ቆልምመው ሲሰድዱበት እዚያ ላይ ይይዛል። እንዲያ ያለው አንድ ቀን ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ለሁለት ይበጠሳል። እየዳሰስኩ ደህና ደህናውን ለራሴ አስቀረሁ፤ የሳሳውን ዴልመር ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

መጋቢት ላይ የክለቡን ዋንጫ ወሰድኩ። የዴልመር ሚስት ቨርኒስ የፖም ኬክ ጋገረችልኝ። በላሁት።

መነጽሩ አልሠራም። በሳምንቱ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳው ግሬታ ጠመንጃውን ልትገዛ ክለቡ መጣች። እኛ ዘንድ ጠመንጃ ሲሸጥ ቀለሁ አብሮ ይሄዳል፤ ገዢም ይፈትሻል። ሽቦዋን አወጣችና አንዱን ዳሰሰች። ሌላውን። ሦስተኛውን።

«ስንቴ ተኩሰኸዋል?»

«አራቴ።»

«ዴልመር፣ ይሄ የአያቴ እኩያ ነው።»

ሽቦው ከቀለሁ ጋር በጠረጴዛው ዙሪያ ዞረ። መነጽሩን ያስገዛው ዋልዶ ዳሰሰና ጣሪያውን አየ። ከጎኑ ያለውም ዳሰሰ። እኔ ጋ ደረሰ።

«እህስ?» አለኝ ዴልመር።

«ይይዛል።»

መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን፣ ክዳኑ ላይ «አሥራ አንድ ጊዜ የተተኮሰ» ብዬ የጻፍኩበትን ሣጥኔን ከፈተ። አንዱን ቀለህ አንስቶ ሽቦውን ሰደደበት። ሽቦው ከታች እስከ አፉ፣ የትም ሳይዝ፣ ተንሸራቶ ወጣ።