ግዝት የተጣለበት ጤፍ

የካቲት 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ አባ ሐብተ ማርያም መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ እህል ተራ መካከል ቆሙ። እኔ ጌሾዬን ዘርግቼ ገና አልጨረስኩም ነበር።

«ቁና ጤፍ ከሰማንያ ሳንቲም በላይ የሸጠም የገዛም፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ውግዝ ይሁን!»

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል ብያለሁ። አንበጣው በጥቅምት አዝመራውን ከበላው ወዲህ ጤፍ በየሳምንቱ እየጨመረ ብር ከስሙኒ ደርሶ ነበር። የገበያው ሽማግሌዎች ናቸው አባን ለምነው ያመጧቸው።

እልል ያላለው ወንድሜ ክንዴ ብቻ ነው። ክንዴ የእህል ሰፋሪ ነበር። ገበሬ ጤፉን ሲያራግፍ በቁና የሚሰፍረው እሱ ነው፤ ለድካሙ ከየስፍሩ አንድ እፍኝ ይወስዳል። እሱና እኔ የምንበላው ያንን እፍኝ ነበር። አሁን ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው፤ እስካሁን ጤፍ ሲሰፈር ባየሁ ቁጥር እጁን እፈልጋለሁ።

በእኛ አገር ቁና የሚሰፈረው ተቆልሎ ነው። እህሉ ከአፉ በላይ ሾጥጦ እስኪፈስ ድረስ ይጨመራል፤ ቁልሉ የገዢው ነው። ያን ቀን ግን የመጀመሪያው ገበሬ ወደ ክንዴ ጠጋ ብሎ፣ «በሰማንያ ሽጥ ተብያለሁ፣ እሸጣለሁ። ቆልል ግን አልተባልኩም። በመዳፍህ ጥረገው» አለው። ክንዴ ጠረገው። ሌሎቹም እንደዚያው አሉ።

እንጨት ሻጯ ይመኙሽ ቁናዋን አየችና፣ «አንተ ሰፋሪ፣ ቁልሌን የት አደረስከው? በኪስህ ነው በብብትህ?» አለችው።

«ገበሬውን ጠይቂው።»

«ገበሬውማ ውግዝ እንዳይሆን የሚፈራ ክርስቲያን ነው። አንተ ነህ እጅህ የረዘመ!»

በሁለተኛው ቅዳሜ ጤፍ ጭነው ይመጡ ከነበሩት አህዮች እኩሌታው ሳይመጡ ቀሩ። በሦስተኛው ሦስት ብቻ መጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተራው ባዶ ሆነ። ያኔ ወሬው ተለወጠ፤ የክንዴ እጅ በረከት የለውም፣ እህሉን የሚያሸሸው እሱ ነው ተባለ። ሽማግሌዎቹ ጠርተውት፣ በሚመጣው ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ቁናውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አሉት።

«ቁናውን ከወሰዱብኝ መተማ ወርጄ ጥጥ እለቅማለሁ» አለኝ። አባታችን መተማ ወርዶ ንዳድ በልቶት ቀርቷል።

እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ የሚምል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ማክሰኞ ጧት በትሩን አንሥቶ፣ «አዛሉ፣ ነይ፤ አህዮቹ የት እንደገቡ እንይ» አለኝ። የጠፋበትን ነገር ሲፈልግ እንደ ሕፃን ደስ ይለው ነበር። በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ፤ ፋንድያውን እንኳ ጎንበስ እያለ አየ።

አህዮቹ አዘዞ ገበያ ነበሩ። ከመካከላቸው የዳባቱ ገበሬ አለኸኝ ባዶ አቁማዳውን ሲጠቀልል አገኘነው።

«አያ አለኸኝ፣ ምነው ጎንደርን አልፈው እዚህ ድረስ?»

«ግዝቱ ጎንደር ነው። እዚህ ማንም አላወገዘኝ» አለና ሳቀ። «ብር ከሠላሳ ሸጥኩ።»

«እግዜርን አይፈሩም?»

«ስለፈራሁማ ነው የራቅኩት! ስማኝ ልጄ፣ እኔ ጤፌን ሸጬ ጨውና በርበሬ ነው የምገዛ። እነሱ ጨምረዋል፤ እነሱን ያወገዘልኝ የለም።»

«ሌሎቹስ ጎረቤቶችዎ?»

«ጎተራቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ግዝቱ እስኪነሣ ይጠብቃሉ።»

ክንዴ እስከ ጎንደር እጁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዝ ነበር፤ አንዴ አዘዞ፣ አንዴ ጎንደር እያለ ሲመዝን።

በአራተኛው ቅዳሜ አንድም አህያ አልመጣም። ሴቶቹ ባዶ ሰፌዳቸውን ይዘው ክንዴን ከበቡት፤ ሽማግሌዎቹም ቁናውን ሊቀበሉ መጡ። አባ ሐብተ ማርያም ራሳቸው ለቤታቸው ጤፍ ፈልገው መጥተው ኖሮ፣ «ምንድን ነው ጫጫታው?» አሉ።

ክንዴ መስቀላቸውን ተሳለመና በትሩን ሰጣቸው። «አባ፣ ለጥቂት ጊዜ ገበሬ ይሁኑልኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ ከዳባት የመጡ ነዎት። ይህ አህያዎ ነው» ብሎ የይመኙሽን የእንጨት ሸክም አሳያቸው።

«አህያ አደረግኸኝ!» አለች ይመኙሽ።

«ሸክምሽን ነው እንጂ አንቺን አላልኩም። አባ፣ እዚህ ሰማንያ ሳንቲም ይሰጥዎታል። ሦስት ሰዓት ቢጨምሩ አዘዞ ብር ከሠላሳ። ቤትዎ ጨው አልቋል፣ ልጆችዎ ስድስት ናቸው። አህያውን ወዴት ይነዱታል?»

አባ በትሩን አዘዞ ወዳለበት አቀኑ። ከዚያ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«እርስዎ ክፉ ነዎት?» አለ ክንዴ።

«አይደለሁም።»

«እነሱም አይደሉም። እኔም ቁልሉን አልሰረቅኩም። ዋጋውን ዝቅ ብታደርጉት ጤፉ ከቁልሉ ላይ ጎደለ፤ ቀጥሎ ከገበያው ጎደለ። ውድ ዋጋው ነበር ገበሬውን ከዳባት ድረስ የሚጠራልን።»

አባ በበትሩ ይመኙሽን አመለከቱ። «ግዝቱን ባነሣ፣ ይህች በብር ከሠላሳ ምን ትበላለች? ለእሷ ብዬ ነው ያወገዝኩት።»

«እሱን አላውቀውም፣ አባ» አለ ክንዴ። «መጀመሪያ ጤፉ ይምጣ።»

«እኔን ጠይቁኛ!» አለች ይመኙሽ። «በሰማንያ የሌለ ጤፍ ከምበላ፣ በብር ከሠላሳ ያለውን ለሁለት ገዝቼ እካፈላለሁ። ደግሞ እንጨቴን ማንም አያወግዝብኝ፤ ነገ እኔም ዋጋ እጨምራለሁ!»

አባ ያን ጊዜ ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ቁናውን ሳይወስዱ ተበተኑ።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባ ግዝቱን ፈቱት። በተከታዩ ቅዳሜ ዐሥራ ዘጠኝ አህዮች መጡ፤ ዋጋው ብር ከሠላሳ አምስት ገባ፤ ክንዴም እየቆለለ ሰፈረ። ለሁለት የተካፈሉ ሴቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ክንዴን ረገሙት። ጎተራ የዘጉት ሁሉ እየመጡ በስድስተኛው ሳምንት ቁናው ወደ ብር ከዐሥር ወረደ። ይመኙሽ ግን በዚያም ዋጋ ለመካፈል እንኳ ገንዘብ አልሞላላትም፤ ያን ዐቢይ ጾም በዳጉሳ ጨረሰችው።