ከሁለቱም ፓርቲ የመረጥኩ ዕለት

አብዱልሙኒም የድምፄን ፖስታ ሊወስድ ሲመጣ ቤት ድረስ የተላከልኝን የምርጫ ወረቀት ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼው ነበር። የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሳን ሆዜ ውስጥ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል። ባሌ ሙሐመድዘይን ከሞተ ወዲህ ዒዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ በምትቀመጥበት የሐዘን ጊዜ ላይ ስለሆንኩ ያለ ቁም ነገር ከቤት አልወጣም። ከውጭ የሚያስፈልገኝን ሁሉ የሚያደርስልኝ እሱ ነው።

በዚያ ሰሞን ለዴሞክራቶች በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ከሥራ መልስ የሰው በር እያንኳኳ ይቀሰቅስ ነበር። የእኛን በር ማንኳኳት አላስፈለገውም። ቤታችን ሁልጊዜ ዴሞክራት ነው የሚመርጠው። ለስቴቱ ምክር ቤት ለሚወዳደረው እጩም «የቤተሰቤን ድምፅ ለእኔ ተወው» ብሎታል።

ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየና ቀና አለ።

«እትዬ፣ ተሳስተሻል።»

«የቱ ላይ?»

«ለአገረ ገዥነት የእኛን መርጠሻል፣ ለኮንግረስም የእኛን። ለስቴቱ ምክር ቤት፣ ለአሴምብሊው ግን የሪፐብሊካኗን ሴትዮ አጥቁረሻል።»

«አልተሳሳትኩም።»

«ሁለት ፓርቲ ከቀላቀልሽ ወረቀቱ ይበላሻል እኮ። ይጥሉታል።»

«አይጥሉትም። እያንዳንዱ ወንበር ለብቻው ነው የሚቆጠረው።»

ልጄ ዩስራ ሶፋው ላይ እንደተጋደመች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «ሺ ኢዝ ራይት፣ አንክል» ብላ በእንግሊዝኛ ደገፈችኝ።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» አላት እየሳቀ። ወደ እኔ ዞረ። «እና በአንድ ቀን ሁለት ሰርግ ቤት ልትበዪ ነው?»

«ሁለቱም ጠርተውኛል።»

ሳቁን ትቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኦክላንድ ያሉት ዘመዶች ቢሰሙ ምን ይላሉ? ወንድሜ ቢኖር ይህን ታደርጊ ነበር?»

«እሱ ቢኖርማ ምክንያቱም አይኖረኝም ነበር» አልኩት።

ሴትየዋ በብዙ ነገር አትስማማኝም። ስለ ቤት ኪራይ የተናገረችውን አንብቤ ተናድጄባታለሁ። ነገር ግን የሰፈራችን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍሉን ከዘጋ ወዲህ፣ ይከፈት ብላ አጥብቃ የያዘችው እሷ ብቻ ናት። የእኛ እጩ በክርክሩ ላይ ሲጠየቅ «ይጠናል» ብሎ አለፈው። ባሌን ልቡን ያመመው ቀን ወደ ሌላኛው፣ ወደ ሩቁ ሆስፒታል የሄድነው በአብዱልሙኒም መኪና ነበር። መንገዱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልተናገርኩም።

ወረቀቱን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከተትኩ፤ አሽጌ፣ ጀርባው ላይ ፈርሜ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ይህን በእጄ ማስገባት አልችልም» አለ። «ስንት ወር ሙሉ ለእጩው ስቀሰቅስ ከርሜ? ቃል ገብቼለታለሁ።»

«በእኔ ድምፅ ነው ቃል የገባኸው?»

«እሱስ ልክ አልነበረም» አለ። ፖስታውን ግን አልነካውም።

ዕለቱ የመጨረሻው የምርጫ ቀን ነው። ዩስራ ገና መንጃ ፈቃድ የላትም። ሌላ ሰው ልጠራ እችል ነበር፤ አልፈለግሁም።

«እንግዲያው የምርጫ ሳጥኑ ድረስ አድርሰኝ» አልኩት። «የማስገባው እኔው ነኝ።»

«ዒዳሽስ?»

«ለቁም ነገር በቀን መውጣት ይፈቀዳል። ይህ ቁም ነገር ነው።»

ሻርፔን ለበስኩ። እሱም ቁልፉን አንስቶ ቀድሞኝ ወጣ።

ሳጥኑ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በተዘጋው ድንገተኛ ክፍል ፊት ለፊት ማለፍ ግድ ይላል። ስንቃረብ ሬዲዮውን አጠፋ። እኔ ወደዚያ አየሁ፤ እሱ መንገዱን ብቻ።

ሲያቆም ወረድኩ። ሳጥኑ ጋ ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል፤ ተራዬን ጠብቄ ፖስታውን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት። ወደ ውስጥ ሲወድቅ ሰማሁት። ከኋላዬ ሌላ ሰው ስለነበር ቶሎ ዞር አልኩለት።

ወደ መኪናው ስመለስ አብዱልሙኒም መሪውን እንደያዘ ነው።

«ሴትዮሽ ብትሸነፍስ?»

«ያሸነፈውን አነጋግራለሁ። ያንተ ሰው ካሸነፈ አንተ ታገናኘኛለህ።»

«ምን ልትዪው?»

«ምንም። ከቤቴ ደጃፍ አሳፍረነው እስከዚያኛው ሆስፒታል እንወስደዋለን። አንተ ትነዳለህ።»

ሞተሩን አስነስቶ መስታወቱን አስተካከለ።

«ትራፊክ በሚበዛበት ሰዓት ይሁን» አለ።