የጽሞና ሰዓትና የተተረተረው ስፌት

ልብስ ሰፊዋን የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች "ጸሎተኛዋ" ይሏታል። ፊት ለፊት ሲሏት "ኧረ እናንተ ደግሞ!" ብትልም፣ ስሙ ደስ ሳይላት አልቀረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት መኝታ ቤቷን ቆልፋ አንድ ሰዓት ትጸልያለች። ባሏ በሞተበት ሳምንት እንኳ አላጓደለችም። ልመናዋም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ጌታ ሆይ፣ በመንፈስ አሳድገኝ።"

ጣጣው የመጣው እናቷ አብረዋት መኖር ከጀመሩ ወዲህ ነው። እሳቸውም ዕድሜያቸውን በስፌት የጨረሱ ናቸው። አሁን ግን አእምሯቸው ከድቷቸዋል፤ ቁርስ በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ "ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?" ይላሉ። ጣታቸው ግን ምንም አልረሳም። ልጃቸው ተዘግታ ስትጸልይ፣ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ትናንት የተሰፋውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩና "ጠማማ!" ይላሉ። ከዚያ በምላጭ ይተረትሩታል።

በዚያ ሳምንት ለእሁድ የሚደርሱ አሥራ ሁለት የመዘምራን ጋውኖች ተይዘው ነበር። ሰኞ እናቷ አንድ እጅጌ ተረተሩ። ማክሰኞ ሁለት ኮሌታ። ልብስ ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ መልሳ ሰፋች፤ ምላጩንም ቁም ሳጥን ላይ ደበቀች። ረቡዕ በጥፍራቸው ተረተሩት።

ሐሙስ ጠዋት ስለ ትዕግሥት የሚናገር ክፍል አንብባ፣ ልቧ ረክቶ፣ ፊቷ በርቶ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሦስት ጋውን ከትከሻ እስከ ጠርዝ ተፈታትቶ ወለሉን ሸፍኖታል። እናቷ መሀሉ ላይ ተቀምጠው ክር ይጠቀልላሉ።

"እማዬ!" ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። "ምን በደልኩሽ? የሦስት ቀን ሥራዬን! እሁድ ምን ልበላቸው? እናቴ ተረተረችው ልበል? ሁለተኛ እዚህ ማሽን አጠገብ ድርሽ እንዳትዪ!"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ብድግ አሉና አንገታቸውን ደፉ።

"እትዬ፣ በእግዜር፣ አይቆጡኝ። ሁለተኛ አይለምደኝም። ቀጥ አድርጌ እሰፋዋለሁ። ልጅ አለችኝ እትዬ፣ ከሥራ አያስወጡኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። እናቷ በወጣትነታቸው ተቀጥረው ይሰፉላት የነበረችውን ሴትዮ ወሬ ሰምታለች፤ ስፌት ከጠመመ ሰው ፊት እያስተረተረች ታሳፍራቸው ነበር። "ልጅ አለችኝ" የተባለችው ልጅ ደግሞ እሷው ራሷ ናት።

እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸውና ወጥ ቤት ገባች። አልተንበረከከችም። ድስት እየፈተገች ከእግዜር ጋር ተጣላች።

"አንድ ሰዓት ሙሉ ካንተ ጋር አልነበርኩም? እሷንስ አታያትም ነበር? አሳድገኝ አልኩ እንጂ አንጀቴን አሳርረኝ አልኩህ?"

ድስቱ ነጥቶም መፈተጓን አልተወችም። እየፈተገች ግን አንድ ነገር ከነከናት። በሩን የምትቆልፈው ለመጸለይ ብቻ አልነበረም፤ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ላለመስማትም ነበር። ይህን ለራሷ ማመኗ ይበልጥ አናደዳት።

ዓርብ በሩን አልቆለፈችም። ማሽኑ አጠገብ ሁለት ወንበር አስጠጋች። ብጣሽ ጨርቆች ገጣጥማ ሰፍታ "እማዬ፣ ይሄ ጠማማ ነው፣ ተርትሪልኝ" ብላ ሰጠቻቸውና መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጠች።

"ጌታ ሆይ..."

"ቁርስ በላን?"

"በልተናል እማዬ። ጌታ ሆይ..."

"በሩ ተዘግቷል?"

"ተዘግቷል!"

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ ተቋረጠች። ጸጉሯን ልትነጭ ምንም አልቀራት።

እሁድ ያስረከበችው ዘጠኝ ጋውን ብቻ ነበር። የመዘምራኑ መሪ "ምነው፣ ጸሎተኛዋም ቃሏን ታጥፋለች?" አላት። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችውና "ቀሪውን ረቡዕ አደርሳለሁ" አለች፣ ፊቷ ግን እንደተኮሳተረ ነው። ሦስቱ መዘምራን በነጭ ሸሚዝ ዘመሩ፤ ሰማይ አልተደፋም።

ከሰዓት በኋላ በእህቶች ኅብረት፣ እንደ ወትሮው፣ ስለ ጽሞና ጊዜዋ እንድትመሰክር ጠየቋት።

"አሥር ደቂቃ ነው" አለች። "እሱም ተቆራርጦ። ሐሙስ እናቴ ላይ ጮኼባታለሁ፤ እንደ አሠሪ ፈራችኝ። ስድስት ዓመት ጸልዬ ማደጌንም እንጃ።"

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት አትክልት ነጋዴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እኔ ሐሙስ ጠዋት ገበያ አልወጣም። መጥቼ እናትሽ ጋ ልቀመጥ?"

ልብስ ሰፊዋ "አይ፣ አትቸገሪ" ልትል አፏን ከፈተች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከሰው እርዳታ ጠይቃም ተቀብላም አታውቅም።

"ነይ" አለች። "ቶሎ ነይ።"

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ እንደገና ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ። ጸሎቱ ሳይጋመስ እናቷ መተርተሩን አቁመው አፈጠጡባት።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከጌታ ጋር፣ እማዬ።"

"ታዲያ ሰላም አትይልኝም?"

ልብስ ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። "እማዬም ሰላም ብላሃለች" አለችና ዐይኗን ጨፈነች።

"ምን አለሽ?"

"ቆይ እማዬ! ገና እያወራሁት ነው።"