ነጠላ የለበሰው ቴሌቪዥን

ዘመንፈስቅዱስ ከሞተ ሠላሳ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ጉለሌ ያለው ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ነጠላ ለብሷል፤ የሐዘን ቤት ነውና አርባው ሳይወጣ አይከፈትም። የሚስቱ የአዲሳለም ዓይን ግን ዛሬ ከነጠላው ላይ አልነሳ ብሏል።

ጠዋት ዮፍታሔ ደውሎላት ነበር። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው፤ ባሏ ባቋቋመው የመዘምራን ቡድን ውስጥ ስድስት ዓመት ያሠለጠነው ቴነር፣ ከፍ ባለው የወንድ ድምፅ የሚዘምር። ቡድኑ አራት መቶ ዓመት ያለፈውን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያቀርባል፤ በቴሌቪዥንም በቀጥታ ይተላለፋል።

"ማዘር፣ መጨረሻ ላይ ብቻዬን የምይዘው ረጅም ድምፅ አለ" አላት። "ጋሼ በአንድ ትንፋሽ ካልሆነ አይሆንም ይሉ ነበር። እሳቸው እያሉ አንድም ቀን አልሆነልኝም። ዛሬ ቢሆንልኝ ከእርስዎ በቀር ማን ያውቅልኛል?"

"አይሃለሁ" አለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነስታ ነጠላውን ገለጠች። ቴሌቪዥኑን ከፈተችና ጎረቤት እንዳይሰማ ወዲያው ድምፁን አጠፋችው። ሶፋው ጥግ የተቀመጡት የባሏ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ ብርሃኔ፣ መቁጠሪያቸውን ገታ አደረጉ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ዮፍታሔን ላየው ነው፣ እትዬ። ድምፅ የለውም።"

ብርሃኔ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ አላዞሩም።

ጥቁር ከለበሱት መዘምራን መሃል ዮፍታሔ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ አፉን ከፈተ።

"ምነው፣ ጥርሱን ሊያስነቅል ነው?" አሉ ብርሃኔ።

አዲሳለም ሳታስበው ሳቀች። የልጁ ቀኝ እጅ ልክ መወርወሪያ እንደያዘ ወዲህና ወዲያ ይላል፤ አባቱ ዘንድ ሸማ ሲሠራ የለመደው ነው። ዘመንፈስቅዱስ እዚሁ ሳሎን ውስጥ "ሸማውን ቤትህ ሥራው!" እያለ ያሾፍበት ነበር። በኋላ ግን ረጅሙ ድምፅ ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ቀበቶውን እንዲይዝ አስለመደው። ይህንንና ልጁ ጠዋት በስልክ ያላትን ለብርሃኔ በአጭሩ ነገረቻቸው።

"ታዲያ ሳትሰሚ በምን ታውቂያለሽ?"

"አይሃለሁ ነው ያልኩት። እሰማሃለሁ አላልኩም።"

"ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይህንን ነው?"

የዮፍታሔ እጅ ወደ ኋላ ሄደ። አዲሳለም ሪሞቱን አነሳች፤ ወደ መስኮቱ አየት አድርጋ መልሳ ዝቅ አደረገችው። ብርሃኔ ከእጇ ነጠቋት።

"የቱ ነው?"

"እትዬ፣ ጎረቤት..."

"ለወንድሜ ነው የሚዘምረው። የሚያማ ካለ እኔን ይማኝ። የቱ ነው?"

"የመደመር ምልክት ያለበት።"

ድምፁ ገና ሲጀመር ደረሱበት። ቀጭን ነበር፤ ቀስ በቀስ ሰፋ፤ ሳሎኑን ሞልቶ ወደ ጓዳ አለፈ። አዲሳለም የራሷን ትንፋሽ ይዛ መቆየቷን ያወቀችው ድምፁ ሲያልቅና ደረቷ ሲያቃጥላት ነው። ብርሃኔ አማተቡ። እሷም ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ነጠላውን መልሳ አለበሰችው፤ ጫፉን አስተካከለች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"ማዘር?"

"አልተቆረጠም" አለችው።

አዲሳለም ባሏ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ ሳስቷል" አለች። "አርባው ይውጣና ና፤ እዚሁ እንሠራዋለን።"